ጠርሙሱን ሸፍነን ቀመስነው

እኛ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ሥራችን ይለያያል፤ የቤት ኪራይ ምሬታችን ግን አንድ ነው። በቅርቡ አንዳችን ልደት ላይ ሳይመጣ ቀረ። "አሞኝ ነው" አለ። ኋላ ስንሰማ የታመመው ኪሱ ነበር። በካርቶን የታሸገ ውድ ውስኪ ሳይዝ መምጣት አፍሮ ነው። ለመሆኑ ማን አሳፈረው? እኛው ነና! ጠርሙስ በገባ ቁጥር ቀድመን ስሙን የምናነብ፣ ቀጥሎ ዋጋውን የምንገምት እኛው።

እናም ራሳችንን ለመፈተን ተስማማን። ሦስት የኬንታኪ ቡርበን ገዛን፦ ባለጥቁር ወረቀቱን ኢቫን ዊሊያምስ (43 በመቶ አልኮል)፣ ባለነጩን ኢቫን ዊሊያምስ (50 በመቶ) እና ከሁለቱም የሚወደደውን ኤላይጃ ክሬግ ስሞል ባች (47 በመቶ)። ቀጂው ያ የቀረው ጓደኛችን ሆነ። እሱ ኩሽና ቀድቶ ብርጭቆዎቹን በቁጥር ብቻ አቀረበልን።

ውድ አንባቢ፣ ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። የሚሠራቸው ሄቨን ሂል የተባለው ድርጅት ነው። እህላቸውም አንድ ነው፦ 78 በመቶ በቆሎ፣ 12 በመቶ የገብስ ብቅል፣ 10 በመቶ ደግሞ ራይ የሚባለው የስንዴ ዘመድ። የሚለያዩት በበርሜል በቆዩበት ጊዜ፣ በበርሜሎቹ ምርጫና በተጨመረባቸው ውኃ መጠን ነው።

ርካሽ ሲባል "ቀለም የተቀባ አልኮል" የሚመስለው ካለም ይረጋጋ። በአሜሪካ ሕግ ቡርበን ለመባል ቢያንስ 51 በመቶው እህል በቆሎ መሆን አለበት። የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። ከውኃ በቀር ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ አይገባበትም። በካርቶን የምናከብረው የስኮትላንድ ውስኪ ግን የካራሜል ቀለም እንዲጨመርበት ሕጉ ይፈቅድለታል። ባለነጩ ደግሞ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። በ1897 እ.ኤ.አ. ውስኪ የሚበርዙ ነጋዴዎችን ለመከላከል በወጣው ሕግ መሠረት የአንድ ፋብሪካና የአንድ የምርት ወቅት መሆን፣ ቢያንስ 4 ዓመት በርሜል ውስጥ መቆየትና በ50 በመቶ መታሸግ አለበት።

ወደ ፍርዱ እንሂድ። ባለጥቁሩ ቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፤ ለስላሳ ነው፤ ግን አፍ ላይ አይቆይም። በበረዶ ወይም በኮካ ለሚጠጣ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ባለነጩ መጀመሪያ ያቃጥላል። ጥቂት ጠብታ ውኃ ስንጨምርበት ግን ካራሜሉ፣ የተቆላ ለውዙና ቁንዶ በርበሬው ተራ በተራ ወጡ። ኤላይጃ ክሬግ የእንጨቱ ጣዕም ጠለቅ ያለ፣ የተረጋጋ መጠጥ ነው፤ ውድ የሆነው በከንቱ አይደለም።

ከሦስት ቀማሾች ሁለታችን ባለነጩን አንደኛ አልን። አንዱ "ውዱን በሽታው አውቀዋለሁ" ሲል የነበረው ነው! ሦስተኛው ኤላይጃ ክሬግን መረጠ። የሦስት ሰው ምላስ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ብርቱ መጠጥም ጣዕሙ ጎልቶ ስለሚሰማ ሚዛኑን ሊያዛባ ይችላል። ቢሆንም ስሙ ሲሸፈን ርካሹ የሚያሳፍር ሆኖ አላገኘነውም።

ውድ ጠርሙስ አይገዛ አንልም። አቅሙ ያለው፣ ጣዕሙን የወደደው ይግዛ። የምንለው፦ ለራሳችን ምላስ ሳይሆን ለሰው ዓይን የምንገዛው ጠርሙስ፣ ሌላውን ጓደኛ ከደጅ ይመልሳል። ውስኪው ቢጎድል ማታው አይጎድልም ነበር፤ ጓደኛችን ሲቀር ግን ጎድሏል።

ለሚቀጥለው ልደት ተስማምተናል፦ ጠርሙስ ሁሉ ኩሽና ይገባል፣ በብርጭቆ ብቻ ይወጣል። ያልያዘም፣ የማይጠጣም ይምጣ። ደግሞ 50 በመቶ ቀልድ አይደለምና፣ የቀመሰ መኪና አይነዳም።

ለጤናችን!