ቴርሞሜትሩ ያልለካው

ፊዚክስ የሚማር ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚጨብጣቸው ቁም ነገሮች አንዱ የሙቀት መጠንና የሙቀት ኃይል የተለያዩ መሆናቸው ነው። ከጀበና የተቀዳ አንድ ስኒ ቡና ከጣና ሐይቅ ይበልጥ ቴርሞሜትሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ይሁን እንጂ ሐይቁ ያከማቸው የሙቀት ኃይል ከስኒዋ ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም። የተሳሳተው ያልለካውን ነገር ለካልኝ ብሎ ያመነው ሰው ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ስለ ጥናቱ ርእስ ሊያማክረኝ መጣ። የጠየቀኝ የትኛው ጥያቄ መልስ እንዳላገኘ አልነበረም፤ «መምህር፣ ቶሎ የሚጠቀሰው የትኛው ርእስ ነው?» አለኝ። ልቆጣው አልቻልሁም። እኔም በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ በአንድ ጽሑፍ ሊጠቃለል የሚገባውን ውጤት ለሁለት ከፍዬ አሳትሜአለሁና። የጽሑፎቼ ቁጥር በአንድ ጨመረ፤ የሰው ልጅ ዕውቀት ግን ቅንጣት ታህል አልጨመረም።

ለመሆኑ የተመራማሪ ሥራ በምን ይለካል? የተለመዱት መለኪያዎች ሁለት ናቸው፤ ስንት ጽሑፍ አሳተመ? ሌሎች ተመራማሪዎችስ ስንት ጊዜ ጠቀሱለት? እ.ኤ.አ. በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የተባለ በካሊፎርኒያ የሚያስተምር የፊዚክስ ሊቅ ሁለቱን በአንድ ቁጥር አጣመራቸው። ይህም ኤች ኢንዴክስ ይባላል። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት፣ 21 ጊዜ የተጠቀሱ 21 ጽሑፎች ግን የሌሉት ሰው ቁጥሩ 20 ነው። ቀላልና ብልህ ዘዴ ነው። ነገር ግን ሂርሽ ራሱ በሕይወት ሳይንስ ዘርፎች ቁጥሩ ከፊዚክስ ከፍ እንደሚል ያን ጊዜውኑ አመልክቶ ነበር። ስለዚህ ሐኪምንና የሒሳብ ሊቅን በዚህ ቁጥር ማወዳደር ስኒውንና ሐይቁን በቴርሞሜትር እንደ ማወዳደር ነው።

እስቲ ይህን መለኪያ በአንድ ታላቅ ሰው ሥራ ላይ እንፈትነው። ሰር ሪቻርድ ዶል (እ.ኤ.አ. 1912–2005) እንግሊዛዊ ሐኪምና የኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም በሽታ በሕዝብ መካከል እንዴትና ለምን እንደሚሠራጭ የሚመረምረው ሳይንስ፣ ሊቅ ነበሩ። በ1950 ከስታቲስቲክስ ሊቁ ከብራድፎርድ ሂል ጋር 649 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ወንዶችን በሌላ ሕመም ከተኙ ያንኑ ያህል ወንዶች ጋር አነጻጸሩ። አጫሽ ያልነበሩት ከካንሰር ሕመምተኞቹ መካከል 2፣ ከሌሎቹ ግን 27 ሆነው ተገኙ። መጀመሪያ የመንገድ ሬንጅንና የመኪና ጭስን ጠርጥረው የነበሩት ዶል የራሳቸውን ሲጋራ ጣሉ።

ሥራው በዚህ አላበቃም። በ1951 ለብሪታንያ ሐኪሞች ስለ ማጨስ ልማዳቸው መጠይቅ ላኩ፤ 40,000 ያህሉ መለሱ። ከእነዚህም መካከል 34,439 ወንዶችን ለግማሽ ምዕት ዓመት ተከታተሉ። የ50 ዓመቱ ውጤት በ2004 ሲታተም ዕድሜ ልካቸውን ያጨሱ ሰዎች ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። በ60 ዓመታቸው ያቆሙት እንኳ 3 ዓመት ገደማ አትርፈዋል፤ በ30 ዓመታቸው ያቆሙት ደግሞ 10ሩን ዓመት ከሞላ ጎደል አስመልሰዋል።

ይህ ጽሑፍ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተጠቅሷል፤ ቁጥሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው። በ1951 ዶልን «በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ትጠቀሳለህ?» ብሎ የሚያስጨንቅ ቢኖር ኖሮ ያን መጠይቅ ለመላክ ማን ይደፍር ነበር?

ቁጥሩ የማይነግረን ሌላም ነገር አለ። ዶል ካረፉ በኋላ በ2006 ሞንሳንቶ ከተባለው የኬሚካል ኩባንያ ለዓመታት የአማካሪነት ክፍያ ይቀበሉ እንደ ነበር ተገለጠ። የሲጋራው ግኝት በዚህ አይናወጥም፤ በሌሎች ብዙ ጥናቶች ተረጋግጧልና። ቢሆንም ስለ ኬሚካሎች የጻፉትን የሚያነብ ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል። ደግሞም መጠቀስ ሁሉ ምስጋና አይደለም። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድና ባልደረቦቹ በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርተው ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዙበት ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል፤ ከጠቀሱት ብዙዎቹ ግን የጠቀሱት ሊነቅፉት ነው። ቆጣሪው ማሽን ምስጋናውንም ነቀፋውንም እኩል አንድ ይለዋል።

«ታዲያ ቁጥሩ ይቅር ካልን ዝምድናና ትውውቅ አይተካውም?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው፤ እኔም ቁጥሩ ይቅር አልልም። የምለው ይህን ነው፤ መምህር ለዕድገት፣ ተማሪ ለሽልማት ሲታጭ ዳኞቹ ከመቁጠራቸው በፊት አንዱን ምርጥ ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ። የሚወዳደሩትም በአንድ ዘርፍ ውስጥ ያሉ ብቻ ይሁኑ።

ለተማሪዬ የዶልን ሠንጠረዥ ሰጥቼ «27 እና 2 ከሚሉት ቁጥሮች በስተጀርባ ያለውን ጥያቄ ፈልግና ተመለስ» አልሁት። እናንተም፣ ውድ አንባብያን፣ ነገ የምትመርጡትን ርእስ ስታስቡ ማን ይጠቅሰኛል ከማለታችሁ በፊት መልሱ ለማን ይጠቅማል በሉ። መጠቀስ ቢመጣ መልካም፤ ባይመጣም የሠራችሁት ሥራ አለ።