ሌሊት ዕቃ ይደረድር የነበረው ኳርተርባክ

የአሜሪካ ፉትቦል ሲመጣ ልጆቻችን ቴሌቪዥኑን ይቀሙናል። እናንተም "ምኑ ይጥማችኋል?" ከምትሏቸው ይህን ታሪክ አጫውቷቸው።

የሴንት ሉዊሱ ራምስ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው 4ቱን ብቻ ነበር። ለ9 ዓመት ሙሉ ከማሸነፉ መሸነፉ የበዛ ቡድን ነው። ለ1999 ተስፋ የተጣለው ከዋሽንግተን ቡድን በመጣው ኳርተርባክ በትሬንት ግሪን ላይ ነበር። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ይዞ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ነው፤ ያለሱ ቡድን የለም። ግሪን ውድድሩ ሳይጀመር ጉልበቱ ተጎዳና ዓመቱን በሙሉ ከጨዋታ ወጣ። ብዙ ሰው "በቃ፣ አለቀላቸው" አለ።

ተተኪው ከርት ዋርነር 28 ዓመቱ ነው፤ የሚያውቀው የለም። በ1994 ግሪን ቤይ ሞክሮ አሰናብቶታል። ከዚያ አይዋ ውስጥ፣ በሰዓት 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም እየተከፈለው፣ ሌሊት ሌሊት ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ይደረድር ነበር። በአዳራሽ በሚካሄደው ፉትቦል ተጫወተ፤ አምስተርዳም ድረስ ሄዶም ተጫወተ። በራምስ የመጀመሪያ ዓመቱ የወረወረው 11 ኳስ ብቻ ነው።

አሰልጣኙ ዲክ ቨርሚል ቦታውን ለሱ ሰጡት። በዚያ ዓመት 41 የተችዳውን ኳስ ወረወረ፤ ቡድኑ 13 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2000 አትላንታ ላይ ቴነሲን 23 ለ 16 ረትቶ ሱፐር ቦውልን ወሰደ።

እንግዲህ አስቡት፤ ያ ክንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካርቶን ሲያነሳም ያው ክንድ ነበር።

የኛም ሰው መጋዘን ያድራል፣ ሆቴል ያጸዳል። አገር ቤት አስተማሪ የነበረ አለ፣ ሒሳብ ሠራተኛ የነበረም አለ። የንግድ ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ወጥ ሠሪ ሲለቅባችሁ ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት ሳህን የምታጥበውን ልጅ "ምን ትችያለሽ?" በሏት። በኔ ምግብ ቤት ሰኞ ገበያው ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ምድጃውን በተራ ለሚፈልግ እሰጣለሁ። ጨው ቢበዛ የሚከስረው አንድ ድስት ነው፤ ባለሙያ ከተገኘ ግን ቤቱ ሰው አገኘ ማለት ነው።

ሌሊት ለምትሠሩት ደግሞ፣ ቀን እስኪያልፍ ያለፋል። ብቻ ክንዳችሁን አታስንፉት፤ እንግሊዝኛውንም የሙያ ፈቃዱንም በትርፍ ሰዓታችሁ ያዙት። ዋርነርም ቦታው ሲከፈት ልምምድ ላይ ነበር።

የወር ሰው ይበለን!