የበገናን የጣት ቁጥር ስለ መጻፍ

ይህ እትም የቆየው የበገና ማስተማሪያ ዘዴ ለዛሬ ተማሪ እንዲመች መዘጋጀት አለበት ይላል። ደቀ መዝሙሩ መዝሙሩን የሚይዘው የጣቶቹን ቅደም ተከተል ከመምህሩ በቃል እየተቀበለ ነው። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በ1960ዎቹ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ በገና ወደ ክፍል ገባ፤ መምህር ለሚርቀው የመካነ ሰላም ከተማ ወጣት ግን የጣት ቁጥሩ ተጽፎ፣ ድምፁም ተቀድቶ ሊደርሰው ይገባል።

ጽሑፍ ጆሮን ያሰንፋል፣ ጸሎቱንም ወደ ቁጥር ያወርዳል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ቀላል አይደለም፤ ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ የሚሰጠውን ርግብግብ ድምፅ ወረቀት አይዘውም። ይሁን እንጂ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ በሳይንት፣ በተድባበ ማርያም፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማ ምልክት ሠርተውለታል፤ ተማሪው ግን ዛሬም ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። ምልክቱ ትውስታን አገዘ እንጂ መምህሩን አልተካም። የበገና መምህራን ሆይ፣ የምታስተምሩበትን የጣት ቅደም ተከተል ጽፋችሁ ላኩልን።