ዋንጫው ይቅር፣ ነጥቡ ይቆይ

ተማሪዎችን በ«ሃውስ» ከፋፍሎ ለመልካም ጸባይ ነጥብ መስጠት፣ በዓመቱ መጨረሻም ብዙ ነጥብ ላገኘው ሃውስ ዋንጫ ማስረከብ ከእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተነሥቶ ወደ ብዙ አገር የተዛመተ አሠራር ነው። ደጋፊዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ከቦታ ቦታ አይለያይም፤ ልጅ መሸናነፍ ይወዳል፣ ለቡድኑ ሲል ራሱን ይገዛል፣ ስለዚህ ፉክክሩ በጋለ ቁጥር ጸባይ ይሻሻላል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ነጥብ ጉቦ ነው ይላሉ። የእኔ ሙግት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው፤ ጸባይ የሚያርመው ፉክክሩ አይመስለኝም። ሁለተኛዎቹን ግን ሳልመልስላቸው ባልፍ ደግ አይሆንም።

«ጉቦ ነው» ባዮች ዘወትር የሚጠቅሱት ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙትን ጥናት ነው። ሥዕል የሚወዱ ሕፃናት ለመሣላቸው ሽልማት እንዳለ አስቀድሞ ከተነገራቸው በኋላ፣ በራሳቸው ጊዜ የመሣል ፍላጎታቸው ቀነሰ። ሽልማቱን ሳያስቡት ያገኙት ልጆች ፍላጎት ግን አልቀነሰም፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ደግሞም ልጆቹ የተመረጡት ቀድሞውኑ መሣል ስለሚወዱ ነው። እጅ አውጥቶ ተራ መጠበቅን ከልቡ የሚወድ የስምንት ዓመት ልጅ እስኪገኝ ድረስ ይህን ጥናት ለክፍል ሥርዓት ማስረጃ ማድረግ ይከብዳል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ለፉክክር ደጋፊዎች ትልቁ መከታ ባሪሽ፣ ሳንደርስና ዎልፍ በ1969 ያስተዋወቁት «የመልካም ጸባይ ጨዋታ» ነው። 24 ልጆች ያሉበት፣ መምህር ያስቸገረ የ4ኛ ክፍል ለሁለት ቡድን ተከፈለ። አንድ ልጅ ሳይፈቀድለት ከተናገረ ወይም ከመቀመጫው ከተነሣ መምህሯ ሰሌዳው ላይ በቡድኑ ስም ጭረት ታሰምራለች። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ሳይፈቀድ መናገር ከተመዘገቡት አጫጭር የምልከታ ጊዜያት በ96 በመቶው ይታይ የነበረው ወደ 19 ወረደ፤ ከመቀመጫ መነሣት ከ82 ወደ 9። ሽልማቱም ይህን ያህል የሚያስጎመጅ አልነበረም፤ ለምሳ ቀድሞ መሰለፍ፣ ከስም ጎን የምትለጠፍ ኮከብ፣ በቀኑ ማብቂያ ትንሽ ነፃ ጊዜ።

ሰው የሚዘለው ደንቡን ነው። የሁለቱም ቡድን ጭረት ከ5 ካልበለጠ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ወሰኑ እስከተጠበቀ ድረስ ልጁ የሚታገለው ማዶ ከተቀመጠው ጓደኛው ጋር ሳይሆን ከወሰኑ ጋር ነበር ማለት ነው። ሒሳቡም የሚዘጋው ዕለቱን ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ ቢኖር የሳምንት ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሚጠራቀም የዋንጫ ነጥብ ጋር ይህን ምን ያገናኘዋል? በየካቲት መቶ ነጥብ የተመራ ሃውስ እስከ ሰኔ የሚጫወትለት ነገር የለውም፤ ልጆቹም ይህን ከመምህራኑ ቀድመው ያውቁታል።

እዚህ ላይ ተሟጋቾቼ ሃሪስና ሸርማን በ1973 ያሳተሙትን ሊያነሡብኝ ይችላሉ። የጨዋታውን አካላት ነጣጥለው ሲመረምሩ በቡድን መከፈሉ ራሱ ድርሻ እንዳለው አግኝተዋል። እውነት ነው፤ ሃውስ ይፍረስ የማልለውም ለዚህ ነው። ግን እነዚሁ ተመራማሪዎች የማሸነፊያው ወሰንም ድርሻ እንዳለው ጽፈዋል። ቡድን ለመሆን ደግሞ የግድ ተሸናፊ ጎረቤት አያስፈልግም። (በነገራችን ላይ በትምህርቱ ውጤት ላይ ያገኙት መሻሻል ትንሽ ነበር፤ ከነጥብ ሰሌዳ ተአምር ለሚጠብቁ ርእሳነ መምህራን ይህችም ትነገር።)

አሸናፊው አንድ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚከተል ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቹ በ1954 በኦክላሆማ አይተዋል። 22 ወንዶች ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍለው በነጥብ አወዳደሯቸው። ነጥብ የሚያሰጠው ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የመኝታ ቤት ንጽሕናም ይቆጠር ነበር፤ ልክ እንደ ሃውስ። ለአሸናፊው ዋንጫ፣ ሜዳሊያና የኪስ ቢላዋ፣ ለተሸናፊው ባዶ እጅ። ብዙም ሳይቆይ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ፣ ሌላው ሌሊት ጎጆ ወረረ። ጂና ፔሪ በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ አጥኚዎቹ ነገሩን ራሳቸው ይገፉት እንደነበር አሳይታለች። ትችቱ ይገባል፤ ለእኔ ሙግት ግን ጉዳት የለውም። በሃውስ ውድድር ነጥቡን የሚሰጡትና ግለቱን የሚያራግቡትም አዋቂዎቹ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ የባልቲሞሩ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ እነ ሸፐርድ ኬላም የመልካም ጸባዩን ጨዋታ ወደ 1ኛ ክፍል አስገቡት። ቡድኖቹ ሲዋቀሩ ረባሹም ዝምተኛውም ተሰባጥሮ ተመደበ፤ ከወሰኑ ያላለፈ ቡድን ሁሉ ያሸንፋል። ልጆቹ ከ19 እስከ 21 ዓመት ሲሆናቸው ተፈልገው ሲጠየቁ፣ በ1ኛ ክፍል ጠበኛ ከነበሩት ወንዶች ጨዋታውን የተጫወቱት ከሌሎቹ ያነሰ የአደንዛዥ ዕፅ ችግር ታየባቸው። ቀጥሎ በገባው ተማሪ ላይ ውጤቱ ደከም ያለ ነበር፤ ስለዚህ መድኃኒት ተገኘ አልልም። ሆኖም ዕድሜ የተሻገረ ፍሬ የተገኘው ሁሉም ሊያሸንፍ ከሚችልበት ጨዋታ ነው።

እኛ አገር የተማረ ሰው የነጥብን ነገር ከሌላ በር ያውቀዋል። መምህሩ ሲወጣ የክፍል አለቃው ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሾች» ብሎ ይጽፋል፣ ከሥሩ ስም ይደረድራል፣ ለደጋገመ ኤክስ ይጨምራል። ማስቲካ አቀብሎ ስሙን ያስጠፋም ነበር። ያ ሰሌዳ ወሰን አልነበረውም፤ ስንት ኤክስ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቀው መምህሩ ነው፣ እሱም እንደ ዕለቱ ስሜት። ብዙዎቹ የሃውስ ነጥቦች ከዚህ ብዙ አይርቁም። በ1997 በታተመው የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ርእሰ መምህሩ በመጨረሻው ግብዣ ላይ ነጥብ አድሎ ዋንጫውን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲያዞረው አንባቢ ይደሰታል። እስከ ግብዣው ሲመራ ከነበረው ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነበበው ግን ጥቂት ነው።

አንድ ያልተፈታ ችግር አለ፤ ሸፋፍኜ አላልፈውም። በ1969ኙ ጥናት በቡድኑ ላይ ጭረት ሲያስቆጥር የቆየ ልጅ ከእንግዲህ አልጫወትም አለ፤ መምህሯና ጓደኞቹም በአንድ ሰው ጥፋት ቡድኑ መቀጣቱ ፍትሕ አይደለም ብለው ከቡድኑ ለዩት። ወሰን ማስቀመጡ ይህን ልጅ አያድነውም፤ ዋንጫው ግን ነገሩን ያባብስበታል። በዕለታዊ ወሰን ጓደኞቹ የሚቀየሙት ለአንድ ከሰዓት ነው። በዓመት ዋንጫ ግን «ዋንጫ ያሳጣን ልጅ» ተብሎ ይከርማል።

ስለዚህ ነጥቡ በየሳምንቱ ዓርብ ይዘጋ፤ ወሰኑ ሰኞ ጠዋት ለሁሉም ይነገር፤ የደረሰበት ሃውስ ሁሉ፣ አራቱም ቢሆኑ፣ የተባለውን ያግኝ። ዋንጫ ለሚወድ ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን አለለት፤ በሩጫ የተቀደመን ሃውስ ጸባየ ብልሹ የሚለው የለም።