እንቅልፍ በብልቃጥ ይገዛል ወይ?

የዛሬው ዓምዳችን ስለ ሜላቶኒን ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ይዟቸው ሌሊቱ አልነጋ የሚላቸው ብዙ ወገኖቻችን ይህን ኪኒን ከመድኃኒት መደብርና ከግሮሰሪ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው ይወስዱታል። እርስ በርስም ይካፈሉታል። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ድብን ያለ እንቅልፍ ነው የሚወስደኝ፤ እንካ አንተም ሞክረው» ሲባል መስማት የተለመደ ሆኗል። ነገሩ ከመተሳሰብ የመጣ ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ይሁን እንጂ ለአንዱ የበጀ ኪኒን ሌላውን ሊጎዳ ይችላል፤ ሁለቱም ሰዎች አንድ ዓይነት በሽታ ይዟቸው እንኳ ቢሆን። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ነው።

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ጋዜጠኛ እንጂ ሐኪም አለመሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ከሐኪማችሁና ከፋርማሲስታችሁ ጋር ለምታደርጉት ውይይት መነሻ እንዲሆናችሁ ነው።

ለምን እንቅልፍ አጣን?

የስደት ኑሮ የእንቅልፍ ጠላት መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ታክሲው፣ ፓርኪንጉ፣ ሆቴሉ፣ የአረጋውያን እንክብካቤው ብዙውን ጊዜ የሌሊት ሥራ ነው። ከሥራ የተመለሰውም ቢሆን ስልኩ አይተኛለትም። ዋሽንግተን ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፤ ዘመድ የሚደውለው፣ የአገር ቤት ወሬ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ በሽታ ሲጨመር ችግሩ ይብሳል። ስኳሩ ከፍ ያለበት ሰው ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ይነሣል፤ ነርቩ የተጎዳበት ደግሞ እግሩን እያቃጠለው ያድራል። ደም ግፊት ያለበት ሰው የሚያሸናውን መድኃኒት ማታ ከወሰደ ሌሊቱን በአልጋውና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል ሲመላለስ ያነጋዋል። እንዲህ ላለው ሰው መፍትሔው አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙን ጠይቆ የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ጠዋት ማዛወር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌላ ኪኒን መጨመር ላያስፈልገው ይችላል ማለት ነው።

ሜላቶኒን ምንድን ነው?

ሜላቶኒን በአንጎላችን ውስጥ ያለች፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ፓይኒያል የተባለች ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን ነው። ሲጨልም ይበዛል፣ በብርሃን ጊዜ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1958 በየል ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አሮን ለርነርና ባልደረቦቻቸው ከከብት ዕጢ ለይተው አውጥተው ስሙን ሰጡት።

ሜላቶኒን ለሰውነታችን «መሽቷል» ብሎ ነጋሪት የሚጎስም አዋጅ ነጋሪ ነው እንጂ አንገት ይዞ አልጋ ላይ የሚጥል አይደለም። ስለዚህ ይበልጥ የሚጠቅመው የመኝታ ሰዓቱ የተዛባበትን ሰው ነው፤ ለምሳሌ ከአገር ቤት በአውሮፕላን ተጉዞ የመጣ መንገደኛን። ሕመም፣ ሽንት ወይም ሐሳብ የሚቀሰቅሰውን ሰው ግን ነጋሪቱ ብዙም አይረዳውም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ሐኪሞች ለቆየ የእንቅልፍ ማጣት ሜላቶኒን እንዳያዝዙ የመከረው ጠቃሚነቱን የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ ስለሆነ ነው።

እንግዲያው በየመደርደሪያው ላይ ለምን በዛ? ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የወጣ ሕግ ነው። ሕጉ እንዲህ ያሉትን ነገሮች እንደ ምግብ ማሟያ ስለሚቆጥራቸው አምራቹ ከመሸጡ በፊት ፈዋሽነታቸውን ለመንግሥት ማስመስከር አይገደድም። በእንግሊዝ ሀገር ግን ሜላቶኒን በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ለንደን ያለ ዘመዳችሁ «ስትመጣ ሁለት ሦስት ብልቃጥ ይዘህልኝ ና» ብሎ ሲያዛችሁ ይህን አስቡበት።

አንድ በሽታ፣ ሁለት መድኃኒት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ደም ግፊት ያለባቸውን ሁለት ጓደኛሞች እናስብ፤ አቶ ሀ እና አቶ ለ እንበላቸው።

አቶ ሀ የሚወስደው ሜቶፕሮሎል ነው። ሜቶፕሮሎልና አቴኖሎል «ቤታ ብሎከር» ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ናቸው። ልብን ያረጋጋሉ፤ ነገር ግን ወደ ፓይኒያል ዕጢ የሚሄደውን መልእክት ስለሚያግዱ ሰውነት በሌሊት የሚያመነጨውን ሜላቶኒን ይቀንሱታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የቦስተን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት እነዚህን መድኃኒቶች ከሚወስዱ 16 የደም ግፊት ሕመምተኞች መካከል ገሚሶቹ ለሦስት ሳምንት በየማታው 2.5 ሚሊግራም ሜላቶኒን፣ የቀሩት ደግሞ ምንም የሌለበት ኪኒን ወሰዱ። ሜላቶኒን የወሰዱት ግማሽ ሰዓት ያህል ጨምረው ተኙ። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም አቶ ሀ «ተኛሁ» ማለቱ እውነት ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

አቶ ለ የሚወስደው ግን ኒፌዲፒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የኢጣሊያ ሐኪሞች ጥናት እንዳሳየው ኒፌዲፒን የሚወስዱ ሕመምተኞች ለአራት ሳምንት ማታ ማታ 5 ሚሊግራም ሜላቶኒን ሲጨመርላቸው የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የልብ ምታቸውም ጨመረ። አቶ ሀ ከብልቃጡ ቆጥሮ ለወዳጁ ሲያካፍል ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። የሚሠራው ግን የወዳጁን መድኃኒት መቃወም ሊሆን ይችላል። ደም ግፊት ደግሞ ድምፅ የለውም፤ አቶ ለ «ደህና ተኛሁ» እያለ ግፊቱ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። «እንቅልፍ የነሣኝ የግፊቱ ኪኒን ነው» ብለው መድኃኒቱን በራሳቸው ፈቃድ የሚያቆሙ አሉ። ቤታ ብሎከርን በድንገት ማቆም የደረት ሕመም፣ አልፎም የልብ ድካም አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ኪኒኑ እንቅልፍ ከነሣችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መለወጥም ሆነ መቀነስ በእርሱ መሪነት ይሁን።

ስኳር ላለባቸውና ለሌሎችም

ስኳር ያለባችሁ ወገኖች ለሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው ሰዓቱ ነው። ሜላቶኒን ከምግብ ጋር ተቀራርቦ ሲወሰድ ሰውነት ስኳርን የሚቆጣጠርበትን አቅም እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ከሥራ ከሌሊቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ገብቶ እንጀራውን በልቶ፣ ከማዕዱ እንደተነሣ ሜላቶኒን የሚውጥ ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። ሁለተኛው፣ ሌሊት አልቧችሁና ልባችሁ እየመታ የምትነቁ ከሆነ ስኳራችሁ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለኩት። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የወረደውን ስኳር ማስተካከል ነው፤ የእንቅልፍ ኪኒን አይደለም።

ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ የሚጥል በሽታ ያለባችሁ፣ ኩላሊት ተተክሎላችሁ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ላይ ያላችሁ፣ እርጉዝና የምታጠቡ እናቶችም ሐኪም ሳትጠይቁ ሜላቶኒን አትጀምሩ።

አንድ ነገር እንጨምር። ባለቤታችሁ «ስታንኮራፋ ቆይተህ ትንፋሽህ ጥፍት ይላል» ካለቻችሁ አትሳቁበት። በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ደም ግፊትን አልታዘዝ የሚያሰኝ በሽታ ነው። ሜላቶኒን የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። የእንቅልፍ ምርመራ ይጠየቅ።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው

ብልቃጡ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ ከገበያ የተገዙ 31 ዓይነት የሜላቶኒን ምርቶች ሲመረመሩ አንዳንዶቹ ከተጻፈው እጅግ ያነሰ፣ አንዳንዶቹ ከአራት እጥፍ በላይ የበዛ ይዘው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በአሜሪካ ከተመረመሩ 25 ከረሜላ መሰል ምርቶች ውስጥ 22ቱ ጽሑፋቸው ከይዘታቸው ጋር አልገጠመም፤ በአንዱ ውስጥ ጨርሶ ሜላቶኒን አልተገኘም። የምትገዙ ከሆነ «ዩ.ኤስ.ፒ. ቬሪፋይድ» የሚል ማኅተም ያለበትን ፈልጉ።

መጠኑም ቢሆን ብዙ መውሰድ ብዙ ያስተኛል ማለት አይደለም። ከግማሽ እስከ 3 ሚሊግራም ያለው ለብዙ ሰው የሚበቃ ሲሆን፣ 10 ሚሊግራም የሚውጥ ሰው በማግሥቱ ራስ ምታትና ድብርት ይዞት ሊውል ይችላል። እንደደበተው መሪ ለሚጨብጥ ባለታክሲ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጆች ያላችሁ ደግሞ ከረሜላ መሰሉን ቆልፉበት። በአሜሪካ ሕፃናት ሜላቶኒን ዋጡ ተብሎ ለመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከላት የደረሰው ጥሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ8,300 ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ በ2021 ከ52,000 አልፏል። በአሜሪካ ቀን ከሌት የሚመልሰው ነፃ ስልክ 1-800-222-1222 ነው። ልጁ መተንፈስ ከተቸገረ ወይም አልነቃ ካለ ግን ወደ 911 ደውሉ።

ለረጅም ጊዜ ስለመውሰድም አንድ ወሬ አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉባኤ ላይ የቀረበ ጥናት፣ እንቅልፍ ከሚያጡ ሰዎች መካከል ሜላቶኒንን ከዓመት በላይ የወሰዱት በልብ መድከም ሲያዙ የታዩት ካልወሰዱት በዝተው መሆኑን ገልጿል። ጥናቱ የሕክምና መዝገብ በማገላበጥ የተሠራ ስለሆነ ጥፋተኛው ሜላቶኒን መሆኑን አያረጋግጥም። ይሁንና «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ዕድሜ ልክ ቢወሰድ ምን አለበት» ለሚሉት ቆም ብሎ ማሰቢያ ነው።

ምን እናድርግ?

1ኛ. በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ የምትወስዱትን ሁሉ፣ ቫይታሚኑንና ከአገር ቤት የመጣውንም ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። «ሜላቶኒን ከእነዚህ ጋር ይስማማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንስ የሌላችሁም ፋርማሲስቱን ብትጠይቁ ምክሩ ዋጋ አያስከፍልም።

2ኛ. እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም አለ።

3ኛ. ቡናውን አስቡበት። ሰውነት የጠጣነውን ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የእሑድ ማታው አቦል፣ ቶናና በረካ ወደ ቀትር ቢዛወር ባህላችን አይጎድልበትም።

4ኛ. የመነሻ ሰዓታችሁን አንድ አድርጉ፤ ጠዋት ብርሃን ሙቁ። እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ ላይ አትገላበጡ፤ ተነሥታችሁ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ተቀመጡና ሲመጣ ተመለሱ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከኪኒን በፊት እንዲሰጥ የመከረው እነዚህን ልማዶች በባለሙያ እገዛ የሚያስተምረውን ሕክምና ነው። ሐኪማችሁን ስለርሱ ጠይቁ። የሌሊት ሠራተኞችም ቀን ስትተኙ መስኮታችሁን በጥቁር መጋረጃ ጋርዱ፤ ስልካችሁን ዝጉ።

5ኛ. ሐኪሙ «ውሰድ» ካለ መጠኑን፣ ሰዓቱንና የሚቆይበትን ጊዜ በጽሑፍ ተቀበሉ። የደም ግፊት መለኪያ ካላችሁም በነዚያ ሳምንታት እየለካችሁ መዝግቡ።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኛ ስደተኞች ደግሞ በሽታውንም መድኃኒቱንም ደብቀናል። ስኳር እንዳለበት ለጓደኛው ያልነገረ፣ ሜላቶኒን እንደሚወስድ ለሐኪሙ ያልነገረ ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ከወዳጃችሁ ጋር የምትካፈሉት ነገር ካለ ከብልቃጡ በፊት ይህን ጥያቄ አካፍሉት፦ «የምትወስደው መድኃኒት ስሙ ማን ነው? ሐኪምህስ ያውቃል?»

መልካም እንቅልፍ ይስጣችሁ። በሚቀጥለው እትማችን በቸር ያገናኘን።