እያነከሱ መሄድም መሄድ ነው



በእኛ በዋጃም ሆነ ከቆቦ እስከ አላማጣ ባለው ሜዳ፣ አንድ ሰው ወገቡን ሲይዘውና ሕመሙ በመቀመጫው አልፎ እስከ እግሩ ጣት ሲወርድበት ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። ጎረቤት ይመጣና «ተኛ፤ እንዳትነቃነቅ፤ ወገብ የሚፈልገው ዕረፍት ነው» ይለዋል። ከጉባኤው ደግሞ አንድ ወንድም መጥቶ ከጸለየለት በኋላ «በእምነት ተነሣ፤ ዝለል፤ ጎንበስ ብለህ መሬቱን ንካ፤ ተፈውሰሃል!» ይለዋል። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። እኔ ግን ሁለቱም ምክሮች ሰውን ይጎዳሉ ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ያዕቆብ የሄደበት ነው።

ይህን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። እኔም የወገቤ ዲስክ ነርቭ ተጭኖብኝ በግራ እግሬ ሕመም ዓመታት ቆጥሬአለሁ። ተጸልዮልኛል፤ አሁንም እጸልያለሁ። አሁንም ያመኛል፤ አሁንም እራመዳለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ በቀላሉ እንመልከት። ወገባችን ላይ አምስት የአከርካሪ አጥንቶች አሉ። በመካከላቸው እንደ ትራስ ሆኖ ጫናውን የሚያበርድ ዲስክ አለ። ዲስኩ ከቦታው ገፍቶ ሲወጣ፣ ወይም በዕድሜ ብዛት የነርቩ መተላለፊያ ሲጠብ፣ በዚያ የሚያልፈው ነርቭ ይጫናል፤ ይቆጣልም። ከእነዚህ ነርቮች ተገናኝቶ በመቀመጫችን በኩል ወደ እግር የሚወርደው ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ትልቁ ነው። ችግሩ ወገብ ላይ ሆኖ ሳለ ማቃጠሉ፣ መደንዘዙና እንደ ኤሌክትሪክ መንዘሩ ባትና ጣት ላይ የሚሰማው ለዚህ ነው።

የእኛ አገር ኑሮ ደግሞ ለወገብ አይራራም። ጤፉ የሚታረመው፣ ማሽላው የሚታጨደው ተጎንብሶ ነው። እህቶቻችን 20 ሊትር ውኃ በጀርባቸው ያዝላሉ፤ ይህ 20 ኪሎ ማለት ነው። ወጣቱ ኩንታል ይሸከማል፤ የባጃጅ ሾፌሩ ሲነጥር ይውላል። ስለዚህ ይህ ሕመም የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም፤ በየአግዳሚ ወንበሩ ላይ አብሮን ተቀምጧል።

ታዲያ «ተኛ» የሚለው ምክር ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ? ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ሐኪሞችም ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ለሳምንታት አልጋ ላይ መተኛትን ያዝዙ ነበር። ዛሬ ግን ምክራቸው ተለውጧል። ሕመሙ በጠናበት ቀን ወይም ሁለት ቀን ማረፍ ያለ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አቅም በፈቀደ መጠን መንቀሳቀስን ይመክራሉ። ምክንያቱም ሰው በተኛ ቁጥር ወገቡን የሚደግፉት ጡንቻዎች ይሰልላሉ፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ዲስኩም ቢሆን በቂ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው በእንቅስቃሴ እየታገዘ ነው። ከዲስክ የሚመጣው የእግር ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። በሌሎቻችን ላይ ደግሞ ይቆያል። ለሁላችንም ግን አልጋው መድኃኒት አይሆንም። ሲራመዱ ጥቂት ማመሙ ሁሉ ጉዳት እየጨመረ ነው ማለት እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል።

«ዝለል» የሚለውስ? እግዚአብሔር ዛሬም ይፈውሳል፤ ይህን ያለ ጥርጥር አምናለሁ፤ እሰብካለሁም። ነገር ግን የፈውስ ማረጋገጫ እንዲሆን የታመመን ሰው በመድረክ ላይ ማስጎንበስና ማዘለል የእምነት ሥራ አይደለም። የተፈወሰ ሰው ነገ ጠዋትም የተፈወሰ ነው፤ ዛሬ ማታ በሕዝብ ፊት መፈተን አያስፈልገውም። ያልተፈወሰው ግን በዚያ ምሽት ሁለት ነገር ተሸክሞ ይሄዳል፤ የባሰ ሕመምና «እምነቴ ጎደለ» የሚል ኀፍረት። ከሁለቱ ሰውን ከጉባኤ የሚያስቀረው ኀፍረቱ ነው።

አሁን ወደ ያዕቆብ እንምጣ (ዘፍ. 32)። በያቦቅ ወንዝ ማዶ ሌሊቱን ሙሉ ታገለ፤ የጭኑ መጋጠሚያ ተነካ፤ በረከቱን ተቀበለ። ጸሐፊው የእስራኤል ልጆች በዚህ ምክንያት በጭን ላይ ያለውን ጅማት እንደማይበሉ ይነግረናል። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ይህን ክፍል ስናጠና የተማርነው አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ በአይሁድ ትውፊት ያ የማይበላው ጅማት ይኸው ሳያቲክ የምንለው ነርቭ እንደሆነ ይታመናል። ይህን በጎናችን የሚነድ ሕመም ያለብን ሰዎች ያዕቆብን እንደ ቤተ ዘመድ ብንቆጥረው አይፈረድብንም።

ልብ በሉ፤ ያዕቆብ ተባርኮም ያነክስ ነበር። በረከቱ ማንከሱን አላስቀረለትም፤ ማንከሱም በረከቱን አልሻረበትም። ፀሐይ ስትወጣ ጵኒኤልን አልፎ ይሄድ ነበር። አልተኛም፤ አልሮጠምም። በሚቀጥለው ምዕራፍ ኤሳው አብረን እንጓዝ ሲለው፣ ያዕቆብ በከብቶቹና በልጆቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብዬ እመጣለሁ አለው። ምክንያት አድርጎ ያነሣው ልጆቹንና ከብቶቹን ነው፤ ቢሆንም የሚያነክስ ሰው ከዚህ የተሻለ የጉዞ ስልት ሊያገኝ አይችልም። ከሌላ ሰው ፍጥነት ጋር አትፎካከር፤ ግን ጉዞህን አታቋርጥ። በስተርጅናው ያዕቆብ በበትሩ ተደግፎ ሰገደ (ዕብ. 11፥21)፤ ወደ ግብፅ ሲወርድም ፈርዖን በላከው ሠረገላ ተጫነ (ዘፍ. 46፥5)። በትር መያዝም፣ መኪና መሳፈርም እምነት ማጣት አይደለም።

ከአገራችንም ምስክር አለን። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን አሸነፈ። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። ለሕክምና የተወሰደው እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ነበር። እዚያ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ከ1944 ጀምሮ ስፖርትን የሕክምናው አካል አድርገው ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ የተጎዳ ሰው ተኝቶ በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን መሞቱ የተለመደ ነበር። አበበ በ1970 እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ ሄዶ ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። የእርሱ ጉዳት ከእኛ የነርቭ መጫን እጅግ የከፋ ነበር። እግሩ ያልታዘዘለት ሰው በክንዱ ከተወዳደረ፣ እግራችን እያመመንም የሚታዘዝልን ሰዎች ምን ሰበብ አለን?

እንግዲህ በእኛ አካባቢ ይህ በተግባር ምን ይመስላል? አገራችን ቆላ ነው፤ ሜዳም ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ፀሐይ ከዞብል ተራራ ብቅ ስትል መራመድ ይቻላል። በአሥር ደቂቃ ይጀመር፤ ሳይከብድ ሲቀር ይጨመር። መተላለፊያው የጠበበበት ሰው ሲቆምና ሲራመድ እግሩ ይዝላል፤ ጥቂት ጎንበስ ሲል ወይም ሲቀመጥ ይቀለዋል፤ እርሱ በትር ይዞ፣ እየተቀመጠ እየተነሣ ይሂድ። ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን በሁለት ባለ 10 ሊትር መተካት፣ አረሙን ከነጋ እስከ መሸ በአንድ አቀማመጥ ከመግፋት በየጊዜው ቀና ማለት፣ ከመሬት ሲያነሡ በጉልበት ሸብረክ ብሎ ዕቃውን ወደ ደረት ማስጠጋት ትልቅ ነገር ነው። ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያገኝ ሰው ለእርሱ የሚስማማውን እንቅስቃሴ ይማር። ወገቤን ይርገጡልኝ፣ ይጎትቱልኝ ብሎ ራሱን አሳልፎ አይስጥ፤ የተጫነ ነርቭ በኃይል አይመለስም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተ፣ ሰገራን መቆጣጠር ካልተቻለ፣ በሁለቱ ጭኖች መካከል ያለው አካል ከደነዘዘ፣ ወይም እግር መዳፉን ማንሣት እያቃተው ከሄደ፣ ያን ጊዜ የምንመክረው መራመድን አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስን ነው። ለዚህ ሰዓት ወሳኝ ነው። መንገድ ላይ እየጸለያችሁ ሂዱ እንጂ ጸሎቱ እስኪያልቅ አትቆዩ። ትኩሳት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለም ሐኪም ይይ።

ለአብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎችም አንድ ልመና አለኝ። በሉቃስ 13 ላይ 18 ዓመት የጎበጠች ሴት አለች። ጌታ ያገኛት በምኩራብ ነው። እንደጎበጠች መጥታለች ማለት ነው። ጌታም ጠርቶ እጁን ጫነባት፤ ቀና አለች። የምኩራቡ አለቃ ግን ተቆጣ። በእኛ ጉባኤ ያለች እንዲህ ያለች እህት ሦስት ሰዓት መደገፊያ በሌለው ወንበር ላይ መቀመጥ ስላልቻለች ቤቷ ቀርታ ከሆነ፣ ጌታ የሚያገኛት የት እንድትሆን ነው የፈለግነው? በኋላ በኩል ቆሞ ለሚያመልክ፣ በስብከት መካከል ወጥቶ ለሚንቀሳቀስ ሰው ዓይናችንን አናፍጥጥ። በአዳር ጸሎት መንበርከክ ያልቻለው እየተራመደ ይጸልይ። መደገፊያ ያላቸው ጥቂት ወንበሮች ይዘጋጁ። ይህ ለቤተ ክርስቲያን ከባድ ወጪ አይደለም።

ጳውሎስ የሰውነት ልምምድ ለጥቂት ነገር እንደሚጠቅም ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል (1 ጢሞ. 4፥8)። እግዚአብሔርን መምሰል ይበልጣል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጥቂት ጥቅም ጥቅም አይደለም አላለም። ያቺ ጥቂት ጥቅም ለታመመ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ እርሻውን ማየት፣ የታመመን መጠየቅ፣ ጉባኤ መድረስ ናት።

በአልጋ ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ፈውሳችሁን መጠበቃችሁን አትተዉ፤ እኔም አልተውኩም። ግን እየሄዳችሁ ጠብቁ። ዛሬ እስከ በሩ፣ ነገ እስከ ጎረቤት፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ደግሞ እስከ ጉባኤው። ያዕቆብን እያነከሰ የመራው አምላክ እርምጃችሁን ያጽና።