መንገድ ዳር ያለ ቋጥኝ የማንም አይደለምን?

በዚህ ጋዜጣ ስለ ምግብ ቤቱና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ዛሬ ስለ ድንጋይ ስጽፍ አንባቢ እንዳይስቅብኝ እለምናለሁ። ከጓደኞቻችን መካከል ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ወጣ ብለው፣ ያለ ገመድ፣ የሰው ቁመት ሁለትና ሦስት እጥፍ በሚሆን ቋጥኝ ላይ መውጣት የጀመሩ አሉ። ፈረንጆቹ ቦልደሪንግ ይሉታል። የሚያስፈልገው ጫማ፣ የእጅን ላብ የሚያደርቅ ነጭ ዱቄት፣ ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ፍራሽና የሚወድቀውን የሚደግፍ ጓደኛ ብቻ ነው። ፍራሽ ተሸክሞ ሩቅ መሄድ ስለማይመች ሁሉም የሚመርጠው ከመኪና መንገድ አጠገብ ያለውን ቋጥኝ ነው። ጨዋታው መልካም ነው፤ ለተማሪ ኪስም ይስማማል። የእኔ ክርክር «መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ የማንም ስላልሆነ ማንንም መጠየቅ አያሻም» ከሚለው አስተሳሰብ ጋር ነው።

ይህ አስተሳሰብ የት እንደሚያደርስ ለማወቅ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ ከኤል ፓሶ ከተማ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ሁዌኮ ታንክስን መመልከት ይበቃል። ሁዌኮ በስፓኝ ቋንቋ ጎድጓዳ ማለት ነው። በድንጋዩ ጉድጓዶች የዝናብ ውሃ ስለሚጠራቀም፣ የዚያ በረሃ ሰዎች ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲጠጡበት ኖረዋል፤ በግድግዳውም ላይ ከ200 በላይ የፊትና የጭንብል ሥዕሎችን ትተዋል። ያው ጉድጓድ ዛሬ ቋጥኝ ለሚወጡት የእጅ መያዣ ሆነ። በብዙ አገር የቋጥኝ ክብደት የሚመዘንበትን «ቪ» የተባለ መለኪያ ጆን ሸርማን ያወጣው እዚያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው የስፍራው መምሪያ መጽሐፍ ለዓለም ታወቀ።

ነገር ግን ሰው ሲበዛ ሣሩ ተረገጠ፤ አፈሩ ታጠበ፤ በጥንቱ ሥዕል ላይ ስሙን የሚጽፍም አልታጣ። በ1998 አስተዳደሩ ደንብ አወጣ። ያለ መሪ መግባት የተፈቀደው ወደ አንዱ ተራራ ብቻ፣ ያውም በአንድ ጊዜ ከ70 ሰው ሳይበልጥ ሆነ። ጥፋቱ ሁሉ ቋጥኝ የሚወጡት አልነበረም። ይሁን እንጂ በሩ ሲጠብ ለአጥፊውም ለጨዋውም እኩል ጠበበ።

«ድንጋይ ስንት ዘመን የኖረ ነው፤ የተማሪ እጅ ምን ያደርገዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ በፓሪስ አጠገብ በፎንቴንብሎ ደን ይገኛል። እዚያ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ዝናብ ሲያርሰው ይለሰልሳል፤ የእጅ መያዣውም ይገነጠላል። የተገነጠለው አይመለስም። ስለዚህ አዋቂዎቹ እርጥቡን ድንጋይ አይነኩም፤ አዲስ የመጣውንም እነርሱው ይመክሩታል። ባ ኩቪዬ የተባለው የደኑ ክፍል ከአውራ ጎዳና ዳር ሆኖ እስከ ዛሬ ይወጣበታል።

የእኛ አገር ቋጥኝ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በድሬዳዋ አካባቢ በለጋ ኦዳ ጥንታውያን የሣሏቸው ከብቶች በዓለት ላይ አሉ፤ በዲላ አጠገብ በሸፔ ደግሞ ከብቶቹ በዓለቱ ላይ ተቀርጸዋል። በትግራይ፣ በገርዓልታ፣ የአሸዋ ድንጋዩ ራሱ ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ሥዕልም ታቦትም የሌለበት ቋጥኝ እንኳ ከሥሩ የገበሬ ማሳ፣ ከጎኑ የእረኛ መጠለያ ወይም የመቃብር ስፍራ ሊኖረው ይችላል። ከመኪና ወርደን ቡቃያውን ረግጠን ብናልፍ ገበሬው «የተማሩት እነዚህ ናቸውን?» ቢል ይፈረድበታልን?

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ጫማ ከማጥለቅ በፊት ባለ ማሳውን ወይም የአገሩን ሽማግሌ ሰላም ብሎ ፈቃድ መጠየቅ፤ እምቢ ካለም አመስግኖ መመለስ። ሁለተኛ፣ ሥዕል፣ ጽሑፍ ወይም የአምልኮ ምልክት ያለበትን ድንጋይ ፈጽሞ አለመንካት። ሦስተኛ፣ እርጥቡን የአሸዋ ድንጋይ መተው፣ ዱቄቱን በብሩሽ ጠርጎ፣ ቆሻሻውንም ይዞ መመለስ። የተማሪዎች ማኅበራችን ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፍልን፤ የሥነ ምድርና የታሪክ መምህራኖቻችንም የትኛው ዓለት ምን እንደያዘ ያስተምሩን።

ደንብ ደስታን ያጠፋል የሚሉ ሁዌኮ ታንክስን ያስቡ። ዛሬ በፈቃዳችን ያላወጣነውን ደንብ ነገ ሌላ ሰው በአጥር ያወጣልናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።